ከጆሮ ኋላ የሚወጣ አረፋ

ተቀጥራ በምትሠራበት፣ የባሕር መጥለቂያ ዕቃ በሚያከራየው ሱቅ ውስጥ ሁሉም «ፀጥታ» ይሏታል። ዝምተኛ ሆና አይደለም፤ ምላሷማ አያድርስ ነው። አረፋ ስለምትጠላ ነው። በእረፍት ቀኗ ካሜራዋን ይዛ ትጠልቃለች፤ የምትቀርጸው ከባሕሩ አሸዋ ውስጥ አንገታቸውን ብቻ ብቅ የሚያደርጉ ዓሦችን ነው። እነዚህ ጉዶች ደግሞ የአረፋ ድምፅ ሲሰሙ ጉድጓዳቸው ውስጥ ጥልቅ ይላሉ።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ያለውን የውኃ ውስጥ መተንፈሻ ሁሉ አንድ በአንድ ሞከረች። አንዱ አረፋውን ዓይኗ ሥር ይተፋዋል፣ ሌላው ጆሮዋ ላይ ይንዶቆዶቃል። በመጨረሻ አየር ለመሳብ የማያስቸግረውን መርጣ፣ አጫጭሮቹን የአረፋ መውጫ ላስቲኮች አወለቀች፤ ረጃጅም ላስቲክ በፈላ ውኃ አለስልሳ ገጠመችና በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፈረችው። አረፋው ከጆሮዋ ኋላ ሹልክ እያለ መውጣት ጀመረ። ዓሦቹም ከቁብ አልቆጠሯትም።

እንደ እሷው ጠላቂ የሆነው ባሏ ሲለያት ይህንኑ መተንፈሻ ይዞባት ሄደ። አልጋውን ይውሰድ፣ ሶፋውን ይውሰድ፤ መተንፈሻዋን ግን! ይባስ ብሎ ለፊልም ሠሪዎች «በገዛ እጄ የሠራሁት ነው» ብሎ በባሕር ውስጥ ቀራጭነት ተቀጠረበት። ወሬው ሱቋ ድረስ ደረሳት።

አንድ ቀን ላስቲኩ ተሰነጠቀበት። የሚጠግንለት ሌላ ሰው የለማ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሱቋ ድረስ መጣ።

«በናትሽ የኔ እህት፣ ነገ ቀረጻ አለብን።»

የኔ እህት! «አስቀምጠው» አለችው።

አዲስ ላስቲክ ቆረጠችለት፤ ከላይ በኩል፣ ከአፉ አጠገብ ግን በምላጭ ቀዳዳ ከፈተችበት። ቀዳዳው ትንፋሽ አስወጥቶ ውኃ ከሚከለክለው መዝጊያ ውጭ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። አየሩንም ደጋግማ ፈተሸች። እንዲሞት አልፈለገችም፤ ሞቶ ቢገላገል ምን ይጠቅማታል? በሰው ፊት እንዲዋረድ ነበር የፈለገችው።

በማግስቱ ዕቃ ጠባቂ ሆና በፊልም ሠሪዎቹ ጀልባ አብራቸው ወጣች። የቀድሞ ባሏ ሲጠልቅ ተከተለችው። ገና ትንፋሹን ሲያወጣ አረፋው እንደ ድስት ፊቱ ላይ ተንፈቀፈቀ። አንገቱን አጣመመ፣ ጎንበስ አለ፣ ምንም አልሆነለትም። ዓሦቹ እየተከታተሉ ጉድጓዳቸው ገቡና አሸዋው ባዶ ቀረ። እሰይ! አለች በልቧ፤ እሰይ!

ወደ ጀልባው ሲመለሱ የፊልሙ አለቃ ተቆጣ። «ራስህ አይደል የሠራኸው? አስተካክለዋ!»

ሰውየው መተንፈሻውን አገላበጠው፤ ማሰሪያውን ሳብ፣ ላስቲኩን ጫን አደረገ፤ ቀዳዳውን ግን አላገኘውም። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ።

«እውነቱን ለመናገር... እሷ ናት የሠራችው።»

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንቴ ተመኝታለች!

አለቃው ወደ እሷ ዞረ። «እንዲህ ከሆነማ አስተካክይለትና ሥራውን ይቀጥል። ስምሽንም ፊልሙ ላይ እንጽፈዋለን።»

ቀዳዳ የሌለው ሌላ ላስቲክ አዘጋጅታ ኪሷ ውስጥ ይዛ ነበር። ለመቀየር ከአፍታ በላይ አይፈጅባትም። ሰውየው በዓይኑ ይለምናታል፤ አብረው ሲኖሩ እንኳ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«እኔ?» አለች። «እኔ ዕቃ አከራይ ነኝ። ይሄን የሠራው እሱ ነው፤ ራሱ ነግሯችሁ የለም እንዴ?»

አለቃው ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ዕቃህን ሰብስብ» አለው፣ ጀልባውንም ወደ ወደቡ አስመለሰ።

ስሟ የትም አልተጻፈም። አይጻፍ!