ጓጉንቸሯን ካያችሁ

ሽቦ የምንለው ባልደረባዬ የመሥሪያ ቤታችን የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከቅጥነቱም ከሥራውም ይገጥማል። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይችልም። «ይሉኝታህ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሃል» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

የቢሮ ስልኮቻችን በኢንተርኔት ነው የሚሠሩት። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሰው ንግግር ቀድቶ ሊሰማ ይችላል ተባለና፣ ድምፁ ሁሉ ተመስጥሮ እንዲያልፍ ሽቦ ታዘዘ። ሁለት ሳምንት ጎንበስ ቀና ብሎ ስልኮቹን አስተካከለ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ከታየች መስመሩ ተቆልፏል ማለት ነው። «ጓጉንቸሯን ካያችሁ እንደልባችሁ አውሩ» እያለ በየክፍሉ ዞሮ አስረዳን።

የቀሩት የኦዲት ክፍሉ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። አሮጌ ስልካቸው መመስጠር አይችልም። አዲሱን ሲያመጣላቸው፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። የዚህን ቁጥሮች በጣቴ ነው የማውቃቸው። ጡረታዬ እስኪደርስ ተወኝ» አሉት። አባቱን የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ እንዴት ይቀማቸው? ስልካቸው እንዳይቋረጥ ብሎ ጥሪዎችን ሁሉ የሚያገናኘውን ሰርቨር «ሁሉም ይመስጠር» ከሚለው ወደ «የቻለው ይመስጠር» መለሰው። ከዚያ ወዲህ ጓጉንቸሯ የምትመሰክረው ከደዋዩ እስከ ሰርቨሩ ላለው መንገድ ብቻ ሆነ። ከሰርቨሩ እስከ ሽማግሌው ንግግሩ ራቁቱን ይሄዳል። ስድስት ወር ነው የቀራቸው ብሎ ለማንም አልተናገረም።

በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን መድኃኒት መጋዘን ጸሐፊ ጓጉንቸሯን አይታ ለሽማግሌው ደወለች። ሥራ አስኪያጁ መድኃኒት በጓሮ በር እያስወጣ እንደሚሸጥ ከነቀኑ፣ ከነመኪናው ሰሌዳ ነገረቻቸው። ሰውዬው ለካ የኦዲትን መስመር በውጭ ሰው ያስቀዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቢሮው ጠርቶ የገዛ ድምፅዋን አሰማትና አባረራት።

ስትወጣ ሁላችን እያየን የሽማግሌው በር ላይ ቆመች።

«ጓጉንቸሯ ነበረች። የሰማኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አባቴ ብዬ ነበር የነገርኩዎት።»

 ሽቦ ኮሪደሩ ላይ መሰላል ወጥቶ ገመድ ይስብ ነበር። ሰምቷል፤ አልወረደም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ያን ቀን እዚያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌውን ሰላም የሚላቸው ጠፋ። እኔም አላልኳቸውም፤ ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን ምሳ ይበላሉ፣ ማንም አይደውልላቸውም። ጡረታቸው አንድ ወር ሲቀረው ልባቸው ቀጥ ብሎ አረፉ።

ሽቦ እውነቱን የነገረኝ ከቀብር ስንመለስ ነው። ጮኽኩበት። ከዚያ እጁን ይዤ ጸሐፊዋ ቤት ወሰድኩት። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ለሳቸው ነግረሃቸዋል?» አለችው።

«ሳልነግራቸው ቀደሙኝ።»

«አምስት ወር ሙሉ ጎናቸው ያለው ክፍል ውስጥ ነበርክ» አለችና የያዘችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እኔስ በራቸው ላይ ያልኳቸውን ቃል አሁን የት ሄጄ ልመልሰው?»