ቀጭን አራስ

ልጄን ቀጭን አድርጌ ነው ለባሏ ቤት የመለስኳት። ይህን የምጽፈው ልከራከር ብዬ አይደለም፤ ክርክሩ ካለቀ ቆይቷል። ኮርቼ ነው የምጽፈው።

በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናት ልጇን ሆዷ ሲገፋ ታመጣታለች፣ ስትወልድ ታርሳታለች፣ ሕፃኑ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ደግሞ ስንቅ አስጭና ለባሏ ወገኖች ታስረክባለች። ያን ቀን ሕፃኑን ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ዓይን ሁሉ የሚያርፈው አራሷ ላይ ነው። ጉንጯ ሞልቶ፣ ክንዷ ወፍሮ፣ ፊቷ ወዝቶ ከገባች «እናት ያላት!» ይባላል። ከሳ ብላ ከገባች ግን የእናቷ ስም አለቀለት፤ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራል።

እኔ ደግሞ ስም ያለኝ ሴት ነኝ፤ ምን ብዬ እደብቀዋለሁ? መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ እህልና ቅመም እሸጣለሁ፤ የታወቅሁት ግን በአራስ እህል ነው። የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት ዱቄት፣ አብሽ፣ ተልባ። ከደጎሎ በመኪና ረዳት ልከው የሚያዝዙኝ አሉ፤ ከከላላ በበቅሎ መጥተው ጭነው የሚሄዱ አሉ። የእኔ ዱቄት ነጭ ነው። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል፤ እሱ አልበቃኝ ብሎ በስስ ሻሽ እደግመዋለሁ። ስንቱን የሰው ልጅ አወፍሬ ለባሏ እንደላክሁ እግዜር ነው የሚያውቀው።

የዚህች ሴት ልጅ ናት እንግዲህ ስኳር ተገኘባት የተባለችው።

መውለጃዋ ሲቃረብ ለክትትል ሆስፒታል ወስጃት ነበር። አዋላጅ ነርሷ ጣቷን ወጋ አድርጋ ደሟን በትንሿ መሣሪያ ለካችው። በማግስቱ በባዶ ሆዷ ይዣት እንድመለስ አዘዘችኝ፤ ያን ቀንም ደግማ ለካችው። ከዚያ «እናቴ፣ እስቲ ይቀመጡ» አለችኝ። ሐኪም ተቀመጪ ሲለኝ አልወድም። ቆሜ ሰማኋት።

«የእኔ ልጅ ምን በልታ ነው ስኳር የሚይዛት?» ብዬ ጮህኩባት። «ሽሮና ቂጣ በልታ ያደገች ልጅ!»

ነርሷ የልጄ እኩያ ናት፤ ግን ፍንክች አላለችም። እንግዴ ልጁ ሆርሞን ያመነጫል አለችኝ። ኢንሱሊን የሚባል ሌላ ሆርሞን ደግሞ አለ፤ ሥራው ስኳሩን ከደም አንስቶ ለሰውነት ማቀበል ነው፤ የእንግዴ ልጁ ሆርሞን ይህን ሥራ ያከብድበታል። የብዙ ሴት ሰውነት ኢንሱሊኑን ጨምሮ ይወጣዋል፤ የልጄ አቃተው። ስትወልድ፣ እንግዴ ልጁ ሲወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። የማይመለስባቸው ግን አሉ። ተመልሶም ቆይቶ የሚመጣባቸው፣ ከመጣ በኋላም ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው የሚኖር አሉ፤ ከወሊድ በኋላ ውፍረት የጨመሩት ይበልጥ ያሰጋቸዋል። «ስለዚህ አደራዎን እናቴ፣ አያወፍሯት» አለችኝ።

አያወፍሯት! ለእኔ! አናጺን ቤት አትሥራ እንደ ማለት እኮ ነው። ልመልስላት አፌን ስከፍት ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። ስኳር ዓይኗን ነጥቋት ነው የሞተችው። መጨረሻ ላይ ፊቴን በእጇ እየዳበሰች «አንቺ ነሽ?» ትለኝ ነበር። ልጄን ዞር ብዬ አየኋት፤ የተወጋ ጣቷን በጥጥ ይዛ እኔን ነው የምታየው። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ማርያም ማረቻት፤ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የባሏ እናት ቅቤና ማር ይዘው ከከላላ መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ጨዋታ የሚያውቁ። ሕፃኑን መርቀው ሊወጡ ሲሉ እጄን ያዝ አድርገው «እንግዲህ በእርስዎ እጅ የታረሰች ሴት ምን እንደምትሆን አገር ያውቃል። አደራ፣ ድንቡሽቡሽ አድርገው ይመልሱልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

ከዚያ በኋላ ዱቄቴን በጨርቅ ቋጥሬ ነርሷ ዘንድ ሄድኩ። «ይኸው! ይህን አላበላትም ካልሽ ምን ላብላት? በረሃብ ልፍጃት? ጡት ታጠባለች እኮ!» አልኳት። ዱቄቱን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። «እጅዎ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ዱቄት አይቼ አላውቅም» አለች። ደስ አለኝ፤ ሰው ነኝ። «ፉርሽካውስ የት ይሄዳል?»

«ለላሟ ነዋ!»

ሳቀች። «እንግዲያው ስትታረስ የኖረችው ላሟ ናት።»

ሌላ ሰው ቢለኝ እዚያው ነበር የምጣላው። እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እንዲህ የላመ ዱቄት ሆድ ሲገባ በአፍታ ስኳር ይሆናል፤ ማር ሲጨመርበትማ አይጣል ነው። ከነፉርሽካው የሆነ እህል ግን ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ስኳሩም ቀስ እያለ ነው ወደ ደም የሚገባው። ደግሞ አንጀታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ አለች፤ ብዙዎቹ ወዳጆቻችን ናቸው፤ ቀለባቸው ያ የምንጥለው አሰር ነው። እነሱ ሲጠግቡ አንጀት ደህና ይሆናል፤ ሲራቡ አንጀት ይቆጣል፤ ቁጣው ወደ ሌላው ሰውነት ይዘልቃል፤ የተቆጣ ሰውነት ደግሞ የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ያቅተዋል። የሐኪም ስሙ ብግነት ነው አለችኝ። እኔ ቁጣ ነው የምለው። ቁጣን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ሲነሳብኝ እኔም የማንንም አልሰማ።

ወንፊቴን ሰቀልኩት። ገብሱን ፈትጌ አስፈጨሁና ሳልነፋ፣ ከነፉርሽካው፣ ገንፎ አገነፋሁ። የመጀመሪያው ጉድ ነው! ጓጎለ፣ ሻከረ፣ ምስኪን ልጄ ሳቋ እያመለጣት ዋጠችው። እልህ ያዘኝ። ዱቄቱን ቀደም ብዬ ጠብስ አድርጌ፣ ውሃውን አብዝቼ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሳማስለው እንደ ሐር ሆነ አልልም፤ ግን እየሸተተ ሰፈር የሚጠራ ገንፎ ሆነ። ማሩን ተውኩት፤ ቅቤውን ለስሙ ያህል ነካ አደረግኩት። ጠዋት የገብስ ቅንጬ፣ ቀን የባቄላ ሽሮና ጎመን፣ እንቁላል፣ አንዳንዴ ዶሮ፤ በመሐል እርጎ፤ ተልባውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ ያለ ስኳር አጠጣኋት። በልታ ትጠግብ ነበር። ጡቷ ሞልቶ ልጁን እስኪያንቀው ድረስ ይፈስ ነበር። አመሻሽ ላይ ነጠላ አከናንቤ፣ እንደ ወጉ ቢላዋ አስይዤ፣ ግቢውን አዞራት ነበር፤ አራስ ተኝታ ነው የምትከርመው የሚሉኝን «እናንተ ተኙ» እላቸዋለሁ።

ችግሩ ጠያቂው ነው። ዱሮ አራስ የሚጠይቅ ሰው እንቁላል ነበር የሚይዘው፤ ዛሬ ማልትና ለስላሳ በሳጥን ሆኗል። ይዞ መምጣቱ ባልከፋ፤ ካልጠጣችልኝ ይላል። «በሞቴ! አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሞቴ!» ልጄ ዓይኗ ይቅበዘበዛል፤ በሞቴ የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ያዳነችን ጎረቤቴ ናት። ሙስሊም ናት፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግን። ጠዋት መጥታ ደጃፉ አጠገብ ትቀመጥና በሞቴ የሚል ድምፅ ስትሰማ ጠርሙሱን ቀልባ «ወላሂ አትሞቺም፣ እኔ እጠጣልሻለሁ!» ትላለች። ሰው ሁሉ ስቆ ነገሩ ያልፋል። እሷም በኋላ ጠርሙሱን ለልጅ ልጆቿ ትወስደዋለች ብዬ ስፈራ፣ «ነርሷ ያለችሽን እኔም ሰምቻለሁ» ብላ ለባለ ሱቁ መለሰችው።

ወሬው ግን ገበያ ደረሰ። ለሰው ልጅ ነጭ ዱቄት፣ ለገዛ ልጇ ፉርሽካ! ንፉግ! አንዷ ደንበኛዬ ፊት ለፊቴ ቆማ «እንዲህ ጨካኝ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ስንት ነገር መጣ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ስሜን እወዳለሁ፤ በላቤ ነው ያገኘሁት። ጎረቤቴ ሰምታ መጣችና «አብሽሪ፣ ስምሽ ለልጅሽ ዓይን አይሆናትም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላለቀስኩም።

ልጁ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነርሷ ዘንድ በባዶ ሆዷ ወሰድኳት። ለካቻት፤ ጣፋጭ ነገር በጥብጣ አጠጥታ፣ አስጠብቃ፣ ደግማ ለካቻት። ያን ስንጠብቅ ለማርያም ስንት ነገር እንደተሳልኩላት አላስታውስም። ነርሷ ቀና አለችና «ተመልሷል» አለች። ሆስፒታሉ ግቢ መሐል እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ዘበኛው ማን ወለደ ብሎ ሮጦ መጣ። ነርሷ እየሳቀች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ በየጊዜው መመርመሯን እንዳትተው፣ አበላሏም በዚሁ እንዲቀጥል አስጠነቀቀችን። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እማዬ፣ አዳንሽኝ» አለችኝ። እግዜር ይመስገን፣ ያን ቃል ሰምቼያለሁ።

ከላላ የገባነው እንደዚያው ቀጠን እንዳለች ነው። ሚኒባሱ በዚያ መንገድ ሲያንገላታን ውሎ ስንደርስ ሴቶቹ ግቢው በር ላይ ተሰልፈው እልል እያሉ ጠበቁን። ልጄ ስትወርድ አዩዋት። እልልታው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አንዲት አሮጊት ብቻ ቀረች፤ እሷም አቆመች። አማቷ ከላይ እስከ ታች ቃኟት። ድምፃቸው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይወርድም። «ምነው? መካነ ሰላም እህል ጠፋ እንዴ?»

ለዚህች ቀን መልስ ሳሰናዳ ነበር የከረምኩት። አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አማቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ጭኑ ድርብርብ ያለ፣ አንገቱ የጠፋ፣ ቀይ ቡልቅ ያለ ልጅ! «ይኸውልዎ እማማ፣ ውፍረቱ ይኸው» አለቻቸው። «እናቴ ለእሱ የሚያስፈልገውን በእኔ በኩል አሳለፈች። እኔን ደግሞ ከስኳር አወጣችኝ። እህሉ አልጠፋም።» ይህን ብላ ጎንበስ አለችና የስንቁን ከረጢት ራሷ ተሸክማ ገባች። አራስ ናት እኮ! ኩራቴን የት ላስቀምጠው?

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ግን ዓይኔ አማቷ ላይ ነበር፤ ተቀይመው ይሆን ብዬ። ጨዋታቸው ጠፍቷል። ጆጓቸውን እየሞሉ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጡት፤ ይቀመጡና መልሰው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እንግዳው ሲቀንስ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ተከትለውኝ መጡ። እንግዲህ ልንጣላ ነው ብዬ ወገቤን ያዝኩ።

«ያ አለባት የተባለው ነገር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ሲያደርጉት ሰምቼ አላውቅም። «ውሃ ጥም ነበራት?»

እጄን ከወገቤ አወረድኩ።

«እኔ ጥሙ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሌሊቱን ሲያመላልሰኝ ነው የሚያድረው። እግሬ ይደነዝዘኛል፤ እሳት ብረግጥም የማውቅ አልመሰለኝ። ለማን ልንገር? ሰዉ ሁሉ ተመቸሽ፣ አማረብሽ ይለኛል።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔን አሮጊቷንስ እንደ እሷ ያርሱኛል?»

አቀፍኳቸው። «ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እንሄዳለን፤ መጀመሪያ ሐኪም ያይዎታል፣ ከዚያ እኔ ቤት» አልኳቸው።

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉና ወደ ሰዉ ድምፅ ዞር ብለው አዩ። «ከስቼ ስመለስ አገሬው ምን ይለኛል?»

«ማን አከሳሽ ብሎ ይጠይቅዎት» አልኳቸው። «የእኔን ስም ይንገሩት።»