በር የሚያህል ቦርድ ተከራይቼ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ኢስትሙር

ሰዓቱን በሐበሻ ነው የምጽፈው፤ ያልተመቸው ራሱ ያስላ።

ገና አልነጋም። በመንገዳችን መብራት የበራበት ቤት የእኛ ብቻ ነው። ልጄ ሳሮን ኢሪ ሐይቅ ልትወስደኝ ነው፤ ወደ ሰሜን ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል። የምንኖርበት ኮሎምበስ ባሕር የለውም። ነፋሱ ከካናዳ በኩል ሲመጣ ግን ሐይቁ ደህና ሞገድ ያነሳል፤ ሳሮንም እዚያ ሰርፍ ማድረግ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ቆሞ በሞገድ መንሸራተት፣ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ትናንት የአየሩን ትንበያ በስልኳ አይታ «ማሚ፣ ነገ ፐርፌክት ነው» አለችኝ። «እኔም እሄዳለሁ» አልኳት። ደንግጣ ስልኩን አስቀመጠችው።

ለምን እንደደነገጠች ልናገር። የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ጽጌ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በየክርስትናው፣ በየምርቃቱ የምታወራት አንዲት ታሪክ አለቻት። ቦታው ላንጋኖ፤ እኔ አዲስ ሙሽራ። ውሃው ጉልበቴ ላይ ሳይደርስ «ሰመጥኩ!» ብዬ ጮኼ የሆቴሉን እንግዳ በሙሉ አስወጥቻለሁ። ሰው ይስቃል። ልጄም ይህንኑ እየሰማች አደገች፤ እናቷ ውሃ ፈሪ እንደሆነች አትጠራጠርም።

የማይወራው ክፍል ይህ ነው፦ «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ» ብላ ወደ ውስጥ የወሰደችኝ እትዬ ጽጌ ናት። እጄን የለቀቀችውም እሷው ናት። ውሃውም ጉልበቴ ጋ ሳይሆን አንገቴ ጋ ነበር። ባለቤቴ ዳር ቆሞ አይቷል። ምን እንደሚል ጠይቄው ነበር፤ እስካሁን እያሰበበት ነው።

እንግዲህ የምሄደው ለመዝናናት አይደለም። ልጄ እያየችኝ ቦርድ ላይ ልቆም ነው። ከተቻለም አንድ ቀን እውነቱን ከራሷ ከእትዬ ጽጌ አፍ እንድትሰማ እፈልጋለሁ።

ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ እትዬ ጽጌ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። ማንም አልጠራትም።

«ወንድሜ ነገረኝ» አለች፣ ቀበቶዋን እያሰረች። «ይሄንንማ ሳላይ አልቀርም።»

ለካ ባለቤቴ ሲፈልግ ይናገራል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ማንስፊልድ አጠገብ

ግራና ቀኝ በቆሎ፣ ቀይ ጎተራ፣ የጠበቃ ማስታወቂያ፤ እንደገና በቆሎ። ነዳጅ ማደያ ቆመን ቡና በወረቀት ኩባያ ገዛን። እትዬ ጽጌ በፕላስቲክ ሳሕን ያመጣችውን ጨጨብሳ ከፍታ ታጎርሰናለች። ጨጨብሳዋ ግሩም ነው፤ ይህን መካድ አልችልም።

«ለመሆኑ ኢንሹራንስሽ ውሃ ከቨር ያደርጋል?» አለችኝ።

«የሰው ምላስ ከቨር ካደረገልኝ ይበቃኛል።»

«ጋይስ፣ ፕሊዝ» አለች ሳሮን።

2 ሰዓት ተኩል፤ የቦርድ ኪራይ

ኪራይ ቤቱ ሐይቁ ዳር የቆመ ተጎታች ነው። ባለቤቱ ሸበቶ ጢም ያለው፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ነው። ቁመቴን በዓይኑ ለካና ከመደርደሪያው አንድ ቦርድ አወረደ። ነጭ፣ ቀጠን ያለ፣ መሐሉ ላይ የእንጨት መስመር የወረደበት፤ የሠርግ ስጦታ ይመስላል።

«ይሄ ላንቺ ይሆናል፤ ትወስጂዋለሽ?»

«ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬ» አልኩት።

ሰው ሲሰጥ ከመጀመሪያው አይወሰድም። ሁለተኛ «እባክሽ» ይባላል፤ ሦስተኛ ይለመናል፤ ያኔ የግድ እንደሆነ አስመስሎ መቀበል ነው። ሰውየው «ኦኬ» አለና ቦርዱን ከኋላዬ ለተሰለፈው ጎረምሳ አቀበለው።

ሃያ ስድስት ዓመት አሜሪካ ኖሬያለሁ። ኢስተን የሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ዐሥራ አራት ሰው አዛለሁ። ይህቺን ነገር ግን እስከዛሬ አልተማርኩም።

የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ለጀማሪ የሚሰጥ፣ ከስፖንጅ የተሠራ ሎንግቦርድ። ርዝመቱ የቁመቴን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ሰማያዊ ነበር ይባላል፤ አሁን የክሊኒክ ግድግዳ መስሏል። ፊቱ ላይ የምትስቅ ፀሐይ ተስላበታለች። አጫጭርና ሹል ቦርድ በብብታቸው የያዙ ሰርፈሮች ሲያልፉ፣ እንዳላፍር ብለው መሰለኝ ወደ ሌላ ያያሉ።

«የምግብ ጠረጴዛ ተከራየሽ?» አለች እትዬ ጽጌ። «ወንበሩስ?»

ከቦርዱ ጋር የተከራየሁትን፣ ከብርድ የሚከላከል የላስቲክ ልብስ ለመልበስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ዚፑን ከኋላ የምትስበው እትዬ ጽጌ ናት።

«ትንፋሽሽን ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

«ሆድሽንም።»

3 ሰዓት ተኩል፤ ውሃ ውስጥ

ውሃው ግራጫ ነው፤ ሞገዱ ወገብ ይመታል። እኔ ቦርዱ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። ሳሮን ጭራውን ይዛ፣ ሞገድ ሲመጣ «ናው!» ብላ ትገፋኛለች። እኔ እወድቃለሁ። ሰባት ጊዜ ወደቅኩ። በወደቅኩ ቁጥር ከዳር ጭብጨባ ይሰማል፤ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

ችግሩ የቦርዱ ርዝመት ነው። ነፋሱ አፍንጫውን እየመታ ያዞረዋል፤ ሳሮን ከፊት ሆና ስታቀናው ከኋላ የሚገፋ የለም።

«አክስቴ! ኬን ዩ ሄልፕ?» ብላ ሳሮን ተጣራች።

እትዬ ጽጌ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፤ ትንሽ እንደገባች ተስፋ ቆርጣ ለቀቀችው። መጥታ የቦርዱን ጭራ በሁለት እጇ ጨመደደች።

ሞገድ መጣ። «ናው! ሌት ጎ!» አለች ሳሮን። ቦርዱ ንቅንቅ አላለም። ሞገዱ በእትዬ ጽጌ ራስ ላይ ሄዶ በእኔ ሥር አለፈ። ሁለተኛው መጣ፤ እንደዚያው።

«እትዬ፣ ልቀቂኝ!»

«አልለቅም!»

«ልቀቂኝ እኮ ነው የምልሽ!»

«አልለቅም አልኩሽ! አንድ ጊዜ ብለቅሽ ሠላሳ ሦስት ዓመት አኮረፍሽኝ!»

ሳሮን ዞረች። «ዌት። ላንጋኖ ላይ የለቀቅሻት አንቺ ነሽ?»

እትዬ ጽጌ የጠጣችውን ውሃ ተፋች። «ዓሣ እግሬን ነካኝ» አለች። «ደነገጥኩና ሮጥኩ።»

«የጮኸችውስ ማን ናት?»

«እናትሽ ጮኻለች።» ጭራውን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። «መጀመሪያ የጮኽኩት ግን እኔ ነኝ።»

ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስፖንጅ ላይ በሆድ ተኝቶ ግን ንግግር አይደረግም። ሳሮን ግንባሬ ላይ የተለጠፈውን ፀጉር ወደ ኋላ አደረገችልኝና «ሶሪ፣ ማሚ» አለችኝ። በቃኝ።

«በይ አሁን ልቀቂኝ» አልኳት እትዬን፣ ቀስ ብዬ።

ለቀቀችኝ። ቦርዱ ወደ ፊት ሄደ። በጉልበቴ ተነሣሁ፤ ከዚያ በእግሬ። ዳሩ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። ሦስት እስክቆጥር ቆሜያለሁ፤ አራት ልል ስል ወደቅኩ። በዚያ በነጩ ቀጭን ቦርድ ቢሆን አንድም አልቆጥር ነበር።

ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ወደ ቤት

እትዬ ጽጌ ከኋላ ወንበር በፎጣ ተጠቅልላ ለጓደኞቿ ኮል እያደረገች ነው። «ያቺን የላንጋኖዋን ታሪክ ታስታውሻለሽ? እሷ ውሸት ናት፤ የሮጥኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ማንስፊልድ ላይ ዓሣው ጣት ያህል ነበር። ኢስተንን ስናልፍ ክንድ አከለ። ኢስትሙር ስንገባ አዞ ሆኗል።

ሳሮን በመስታወት አየችኝና ሳቋን ዋጠች። እኔ እትዬን አላረምኳትም። እጄን የለቀቀችው እሷ እስከሆነች ድረስ የፈለገችውን አውሬ ታስገባበት።