እናቶች የማይኖሩባቸው ፊልሞች

የገና እረፍት ላይ ደብረ ብርሃን በተከራየሁት ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች። የግቢው ተከራዮችም በየበራቸው ቁልፍ አንጠልጥለው ወጥተዋል። እኔ ለሰው ሁሉ ያልኩት "የትምህርት ሥራ አለብኝ" ነው። ሥራው እውነት ነበር፤ ግን የወላጆቼ ቤት እዚሁ አቅራቢያ፣ አንኮበር ነው፤ መሄድ ብፈልግ እሄድ ነበር። አባቴ ቄስ ናቸው። ፊልም መማር እንደምፈልግ የነገርኳቸው ጊዜ አልተቆጡም፤ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከቁጣ ይብስብኝ ነበር።

ሥራው የቪዲዮ መጣጥፍ ነው። ሰው ከነልጆቹ ቁጭ ብሎ ከሚያያቸው ታዋቂ ፊልሞች ትዕይንቶች ቆርጬ፣ በላያቸው ስለ ፌሚኒዝም ተናግሬአለሁ። መምህራችን ቪዲዮውን ከተቀበሉ በኋላ፣ "አሁን ደግሞ ሌላ ሰው እንደሠራው አድርጋችሁ ገምግሙት" አሉን።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፄን ብቻ ነው። ዜና የሚያነብ ሰው ይመስላል። ሐሳቡ ግን ያኮራኝ ነበር። በየፊልሙ ያለችው ልጅ የታዘዘችውን እምቢ ትላለች፣ ከቤት ትወጣለች፣ ትፈተናለች፣ ታሸንፋለች። እኔም በየትዕይንቱ "ብቻዋን ወሰነች፣ ብቻዋን ቆመች" እያልኩ አወድሳታለሁ። ደጋግሜ ሳየው "ብቻዋን" የሚለው ቃል ይከብደኝ ጀመር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ተከናንቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። በዚያን ቀን ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ሱቅ ዳቦ ስገዛ ብቻ ነው። ፊልሞቹ ልጅቷ ከቤት ከወጣች በኋላ የምታድርበትን ክፍል አያሳዩም። የሚያጫውታት እንስሳና የምታንጎራጉረው ዘፈን ይሰጧታል እንጂ "እራት በላሽ ወይ?" የሚላት ሰው መኖሩን አይነግሩንም። ይህን ጻፍኩ። ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ።

የገና ማግስት ላፕቶፔን ይዤ አንኮበር ሄድኩ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እናቴ አገላብጣ ሳመችኝ፤ በበዓሉ ለምን እንዳልመጣሁ ሳትጠይቅ ምግብ አቀረበችልኝ። በልቼ ስጨርስ፣ "ምን ስትሠሪ ከረምሽ?" አለችኝ። ቪዲዮውን ከፍቼ አሳየኋት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየች። "የልጅቷ እናት የት ናት?"

"ሞታለች።"

ሌላ ፊልም መጣ። "የዚችስ?"

"የእሷም ሞታለች። እንዲህ ባለ ፊልም እናት ብዙ ጊዜ አትኖርም።"

"ለምን?"

"እናት ካለች ልጅቷ ከቤት አትወጣማ። ታሪኩ አይጀምርም።"

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "አንቺ እኮ እኔ ሳልሞት ነው የወጣሽው" አለች።

ቪዲዮው አልቆመም፤ የራሴ ድምፅ በዚያ በዜና አነጋገሩ ሲለፈልፍ አፍሬ አጠፋሁት።

"አባባ ግን አልፈለጉም ነበር" አልኩ።

"አባትሽ ዝም እንዳሉ የቀሩት በምን መሰለሽ? አንቺ ሳትሰሚ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቀን ነው። 'ልጄ የወደደችውን ትማር፤ ከከለከሏት እኔም እዚህ አልቀመጥም' አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አላነሱትም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?"

አባቴ ማምሻውን ገቡ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ጠየቁኝ፤ ስለ ትምህርቱ ምንም አላሉም። እናቴም ምድጃው ዘንድ ሆና ወደ እኔ አላየችም።

በማግስቱ ወደ ክፍሌ ተመልሼ ግምገማዬን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። የቪዲዮዬ ትልቁ ድክመት፣ የወጣችውን ልጅ እያወደሰ በሩን ማን እንደከፈተላት አለመጠየቁ ነው አልኩ። ፊልሞቹ እናትየዋን ገድለው ጀመሩ፤ እኔም "እናቷ በልጅነቷ ሞታለች" ብዬ በግማሽ ዓረፍተ ነገር አለፍኳት።

መምህራችን አንብበው፣ "በዚህ ላይ ሌላ ቪዲዮ ሥሪ" አሉኝ። ለእናቴ ደውዬ ልቅረጽሽ ወይ ስላት ሳቀች።

"በዚህ ፊቴ? ድምፄን ከፈለግሽ ውሰጂ።"

በስልክ ቀዳኋት። ከአባቴ ጋር እንዴት እንደተጨቃጨቁ፣ አልፎ አልፎ እየሳቀች ትናገራለች። ከድምጿ ጋር የሚሄድ ትዕይንት ከየፊልሙ ስፈልግ ከረምኩ። እስካሁን አላገኘሁም።