የእህቴን ዓይን ያተረፈው የፊት መከላከያ

ዛሬ የብረት መቁረጫው የግራይንደር ዲስክ ተሰብሮ እህቴ ፊት ላይ ተወረወረ።

እህቴ መሠረት እዚሁ ዲላ ብረታ ብረት ቤት በያጅ ሆና ነው የምትሠራው። ከጎን ካለው ሱቄ ሮጬ ስደርስ የፊት መከላከያዋ ተሰንጥቋል፤ እሷ ግን ጭረት እንኳ አልነካትም። (የደነገጥኩት እኔ፣ ውሃ ያጠጣችኝ እሷ!)

በር የሚያሠራ ደንበኛ ከጨለለቅቱ ከተማ መጥቶ ቸኩሏል። «እህቴ፣ ትንሽ ናት የቀረችው፤ በዚሁ ጨርሺልኝ» አላት።

«ጋሼ፣ የተሰነጠቀ መከላከያ ሁለተኛ አያድነኝም። አዲስ ካልመጣ አልነካውም» አለችው፤ አለቃዋም እየሰማ።

ሰውየው ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ። የተቆጣ መስሎን ነበር። ሲመለስ አዲስ መከላከያ ይዟል። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» ብሎ ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ ለገባ ሁሉ «ያቺ በያጇ እህቴ ናት» ስል ዋልኩ።

እናንተስ፣ ሥራ ላይ «አይሆንም» ብላችሁ ከጉዳት የተረፋችሁበት ቀን አለ? እስቲ አጫውቱኝ።