የአክስቴ የኤቴልካ አወዳደቅ

አክስቴ ኤቴልካ በሃያ ዓመቷ በከተማችን በሴገድ፣ ቲሳ ወንዝ ዳር ልብስ አጣቢ ነበረች። ፊልም መናገር ከመጀመሩ በፊት በነበረው የመጨረሻ በጋ ከቡዳፔስት ፊልም ሠሪዎች መጡ። የሚሠሩት አስቂኝ ፊልም ነው፤ ሙሽሪት ከነቬሎዋ ከጀልባ ላይ ወንዝ ውስጥ ትወድቃለች። ዋናዋ ተዋናይት ውሃውን አየችና "ብሞት አልገባም!" አለች። ዳይሬክተሩ ወደ አጣቢዎቹ ዞሮ "ዋና የምትችል አለች?" ሲል አክስቴ ጀልባው ላይ ወጥታ ቆማ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ወደቀች። በፊቷ ወደቀች፣ በጀርባዋ ወደቀች፣ በመጨረሻም ሙሽራውን በከረባቱ ጎትታ ይዛው ወደቀች።

ፊልሙ ሁለት ሳምንት ታየ። ወዲያው ድምፅ ያለው ፊልም መጣና ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ፤ ከጦርነቱ በኋላ አንድም ቅጂ አልተገኘም። አክስቴም በርበሬ ፋብሪካ ተቀጠረች። ታሪኩን ስታነሳ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች "ኧረ ኮከባችን፣ እስቲ ጆንያውን ያዢልን!" ይሏታል። ጆንያውን ትይዝና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ጡረታ ልትወጣ ስትል ከፊልም ቤተ መዛግብት ባርናባሽ የሚባል ባለመነጽር ሰው ስለ ጠፋው ፊልም የሚያውቅ ፈልጎ ቤታችን መጣ። የዓሣ ሾርባ አቀረብንለት። እየበላ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ፦ አየር ላይ ያለች ሙሽራ፣ ከጀርባዋ። ከሥሩ የዋናዋ ተዋናይት ስም ተጽፏል።

"ይቺ እኮ እኔ ነኝ" አለች አክስቴ።

"እትዬ፣ ፊቷ እኮ አይታይም።"

"ፊቱን ተወው፣ ክንዱን እየው።"

ሁለት ክንዶቿን ዘረጋችለት። ግራው በልጅነቷ ተሰብሮ ስለ ነበር ከክርኗ አይቃናም። በፎቶውም ቀኙ ቀጥ ብሏል፤ ግራው እንደ ማጭድ ታጥፏል። ባርናባሽ አንዴ ፎቶውን አንዴ እሷን አየና ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። እርስዎ ነዎት።"

የቤተ መዛግብቱን ካርድ አውጥቶ ስሟን ጻፈ። "ሥራዎ ልብስ አጣቢ ነበር አይደል?"

"ሌላ ጊዜ አዎ። ያን ሦስት ቀን ግን ተዋናይት ነበርኩ። እሱን ጻፍልኝ።"

ጻፈላት።

ፊልሙ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አምና ቡዳፔስት ቤተ መዛግብቱ ስሄድ ካርዱን አሳዩኝ፤ "ኤቴልካ ቪዳች፣ ተዋናይት" ይላል። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ነበር። ክንዱን ይዤ ወደ ካርዱ ሳብኩትና "አክስቴ ናት" አልኩት።