ትንፋሿ ቁርጥ ያለበት ዜማ

አርባ ምንጭ ውስጥ ሙዝ የሚያለማ አለ፤ ዓሣ የሚያጠምድ አለ፤ ጥለት የሚሸምን አለ። ዘፈን እየደረሰ የሚያድር ሰው ቢኖርስ ምን ይገርማል? ማንንም አይገርምም። ይኸው ሰው ከደረሳቸው ዘፈኖች መካከል አገር ያበደለትን አንዱን ጠርቶ "ይህ የእኔ ነው" ያለ ዕለት ግን ሁሉም እንደ ሌባ ያየዋል። የራሱን ዕቃ ሰረቀ ተብሎ ዓይን የሚፈጥጥበት ሰው ከዳና ሌላ ካለ ይምጣና ይታይ።

ዳና ያደገው በአርባ ምንጭ ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ ዳር፣ ከኩልፎ ወንዝ አጠገብ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ ዘርፈሽ ወንዙን እየጠለፈች የምታጠጣትን ጥቂት ሙዝ እየሸጠች ብቻዋን አሳደገችው። ዘርፈሽ አስም አለባት። የሙዙን ዘለላ በጀርባዋ አዝላ አይሱዙ ወደሚቆምበት አስፋልት ስትወጣ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች። ግጥም የለውም፤ መዝሙርም አይደለም፤ ሸክም እንዲያቀል በአፍንጫዋ የምታወጣው ድምፅ ነው። ዳገቱ መሃል ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። የሚቆረጠውም ማንም ዕረፍት በማይጠብቅበት ቦታ፣ ድምፁ ሽቅብ ሊነሳ ሲል ነው። ከኋላዋ የሚከተላት ዳና ያቺ ዝምታ በመጣች ቁጥር "እናቴ አለቀች" ብሎ ይደነግጣል። ከዚያ ትንፋሿ ይመለሳል፤ እንጉርጉሮውም ከቆመበት ይቀጥላል። ያ ድንጋጤ ከዳና ጆሮ ወጥቶ አያውቅም።

ትምህርቱ አልሆንለት ሲል፣ በ1994 ዓ.ም.፣ ሙህሲን ሱቅ ተቀጠረ። ሙህሲን ሲቀላ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ፣ ባትሪና ካሴት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የሱቁ የጓሮ ክፍል ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጠፈበትና ስቱዲዮ ተባለ። ያለው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክና አንድ ቴፕ ነበር። ከላንቴ፣ ከምዕራብ ዓባያ፣ አንዳንዴም ከኮንሶ፣ ድምፅ አለኝ የሚል ሁሉ በአውቶብስ እየመጣ ያንን በር ያንኳኳል። ዳና ግጥሙን ይጽፋል፣ ዜማውን ይደርሳል፣ ኪቦርዱን ይጫወታል፣ ይቀዳል፤ ድምፁ የማይረባውን ደግሞ "ወንድሜ፣ ሙዝህን ትከል" ብሎ ይሸኛል። ለሠርግ፣ ለፀረ ኤድስ ክበብ፣ ለእግር ኳስ ቡድን ያልሠራው ዘፈን የለም። በየካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙን፣ የከበሮ መቺውን፣ ሻይ ያመጣችውን ልጅ ስም ሳይቀር ያስጽፋል።

"ዳናዬ፣ ወረቀቱ በስም ሞላ እኮ! የዘፈኑን ርእስ የት ልለጥፈው?" ይለዋል ሙህሲን እየሳቀ።

"የሠራ ሰው ስሙ ይጠራ። ርእሱን ጥግ ላይ አስገባው" ይላል ዳና።

ዘርፈሽ ስለዚህ ሁሉ አትጠይቅም። የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ በእሷ ቤት ዘፈን ኃጢአት ነው። ልጇ ምን እንደሚሠራ ለሚጠይቋት "ነጋዴ ቤት ነው ያለው" ትላለች። ውሸትም አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. ክረምት ኩልፎ ሞልቶ የዘርፈሽን ሙዝ ጠርጎ ወሰደው። እሷም ያን ሰሞን ትንፋሽ አጥሯት ተኛች። ዳና ማታ ማታ ሲያስታምማት ቆይቶ ቀን ስቱዲዮ ሲገባ ጣቶቹ ሳያዛቸው ያንን የዳገት እንጉርጉሮ መጫወት ጀመሩ። ቁርጥ የሚለውን ቦታ ሊሞላው ሞከረ፤ ዜማው ሞተበት። እንዳለ ተወው፤ ነፍስ ዘራ። አዝማቹን በአማርኛ፣ የቀረውን በጋሞኛ ጻፈው፦

ዳገቱ መሃል ላይ ዝም ካልሽብኝማ፣
ማን ይጨርሰዋል የጀመርሽውን ዜማ።

ሙህሲን ሰምቶ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። "ይሄ ይለያል" አለ። ለየም። የለየው ግን ለሌላ ሰው ነው።

ላቀው የሚባል አቀናባሪ ለባህል ፌስቲቫል ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሙህሲን ሱቅ ባትሪ ሊገዛ ገብቶ ዘፈኑን ሰማና ባለበት ቆመ። ዳናን አቀፈው፤ "አንተ ትልቅ ሰው ነህ" አለው፤ ቅጂ ይዞ ሄደ። ከወራት በኋላ በላቀው አቀናባሪነት፣ በአንዲት ስመ ጥር ድምፃዊት ድምፅ፣ ዘፈኑ አገር አዳረሰ። ዳና ሱቁ ውስጥ ቆሞ ከሬዲዮ ሰማው። ጋዜጠኛው እንዲህ አለ፦ "ያዳመጥነው የጋሞ ብሔረሰብ ባህላዊ ዘፈን ነበር። ግጥምና ዜማ የሕዝብ፤ ቅንብር ላቀው።"

የሕዝብ! ሕዝቡ መቼ ነው ኪቦርድ ላይ ተቀምጦ ያነጋው? የትኛው ሕዝብ ነው እናቱን ሲያስታምም የከረመው? የባሰው ደግሞ ገና መጪ ነበር። ላቀው በሌላ ፕሮግራም ቀርቦ ያቺን የምትቆረጥ ቦታ አስረዳ። የጥንት የጋሞ ጦረኞች ጋሻቸውን ከማንሳታቸው በፊት የሚያደርጉት ዕረፍት ናት አለ፤ ጥናት ላይ ነኝ ብሎም ጨመረበት።

"የእናቴን አስም ጦርነት አደረገው!" ብሎ ዳና የግድግዳ ሰዓቶቹ እስኪንቀጠቀጡ ጠረጴዛውን መታ።

አዲስ አበባ ሄደ። ላቀው በአክብሮት ተቀበለው፤ ማኪያቶ አዘዘለት። ዳና ገንዘብ አልጠየቀም፤ ስሙን ነው የጠየቀው።

"ዳና፣ ተረጋጋ" አለ ላቀው። "አንተ በደንብ ቀድተኸዋል፤ ማንም አልካደህም። ግን እንዲህ ያለ ዜማ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አይደርሰውም። ይሄ የዘመናት ነው። እንደ ምስጋና ውሰደው እንጂ!"

"አንተ እዚህ ስትደርስ ድርሰት ነው። እኔ ኩልፎ ዳር ስደርስ ባህል ነው። እንደዚህ ነው?"

"ቅጂ አለኝ ትላለህ፤ የሕዝብ ዘፈን ማንም ሊቀዳ ይችላል። ሙህሲን ደግሞ አሠሪህ ነው፤ ላንተ ይመሰክራል።" ላቀው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ለመስቀል አርባ ምንጭ ኮንሰርት አለን። የአገራችሁ ሽማግሌዎች ፊት ለፊቴ ይፍረዱ። ያንተ ነው ካሉ ስምህን መድረኩ ላይ አስጠራለሁ፤ በሚቀጥለው ሕትመትም ይገባል።"

ምስጋና ተብሎ የሚሰጥ ስድብ ከመደበኛው ስድብ ይከፋል፤ መልስ የለውማ። ዳና ማኪያቶውን ሳይነካው ወጣ። የሽማግሌውን ነገር ግን ያዘው። ሽማግሌ በሐሰት አይፈርድም ብሎ ያደገ የጋሞ ልጅ ነው።

"እናትህንስ? እሷን ለምን ምስክር አታደርጋትም?" አለው ሙህሲን ሲመለስ።

"ምን ብዬ? ዘፈን ውስጥ አስገባሁሽ ብዬ? ከጸሎት ቤት ሰዎች ፊት ላዋርዳት?"

ደጋው ላይ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ዱቡሻ ድረስ ወጥቶ ቆመ። ትልቁ አባባ ጋሻዬ ናቸው፤ በሳቸው ቃል ስንት ደም ደርቋል። በእንዲያ ያለ አደባባይ ላይ "እኔ ጎበዝ ነኝ፤ እኔ ሠራሁት" ማለት ነውር ነው። ዳና ደረቱን ሊነፋ አፈረና ነገሩን አለሳልሶ አቀረበው፦ "ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከዚህ አገር ዘፈን ወስዶ ባለቤቱን ካደ። ፊቱ ላይ እውነቱን ንገሩልኝ።" ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። እንናገራለን አሉ። ዳና ያን ዕለት እየሳቀ ከደጋው ወረደ።

የኮንሰርቱ ዋዜማ፣ ላቀው ባረፈበት ሆቴል ግቢ ተሰበሰቡ። አባባ ጋሻዬ ተነሱ። ባለ ጥለቱን የጋሞ ልብስ፣ ድንጉዛቸውን ለብሰዋል፤ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው።

"ይህን ዘፈን እናውቀዋለን" አሉ። "አባቶቻችን ዘፍነውታል። የአባቶቻችን አባቶችም ዘፍነውታል። ይህ ዘፈን የጋሞ ነው! ከየትም የመጣ ሰው የእኔ ነው ሊለን አይችልም!"

ሌሎቹ "እውነት ነው!" አሉ። አባባ ጋሻዬ ተቀምጠው፣ በደንብ አልተናገርኩልህም ወይ በሚል ዓይን ዳናን ፈገግ ብለው አዩት። ጠቡ በአርባ ምንጭና በአዲስ አበባ መካከል መስሏቸዋል። የአገሩን ዘፈን ለአገሩ ማስመለሳቸው ነው። ለአገሩ ተመለሰ ማለት ደግሞ ለዳና ተመለሰ ማለት አይደለም ወይ? ዳና የአገሩ ልጅ ነው። እንዲህ አስበው ነው የቀበሩት።

ላቀው ተነስቶ የአባባ ጋሻዬን ጉልበት ሳመ። "አባቴ፣ እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው" አለ።

"ውሸት!" አለ ዳና። ለሽማግሌ እንዲህ የሚል አንደበት በዚያ አገር አልተፈጠረም። "አባቶቻችሁ አልዘፈኑትም! እናንተም ከሬዲዮ ነው የሰማችሁት! የሕዝብ የሚባለው ባለቤቱ የሞተበት ነው፤ እኔ አልሞትኩም! ነገ መድረኩ ላይ ወጥቼ ማይኩን እቀማለሁ፤ ያሰረ ይሰረኝ!"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዳና ሸሚዙን ቀይሮ ከእናቱ ቤት ሊወጣ በሩን ሲከፍት ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ተንበርክከዋል። አባባ ጋሻዬ ከፊት ናቸው። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል።

ሳሩን የማያውቅ የጋሞ ልጅ የለም። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጦር የሰበቀ ሰው ጦሩን ይጥላል፤ ወንድሙ የተገደለበት ሳይቀር ይመለሳል። ያንን አልፎ የሄደ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው አይባልም። ስንት ጠብ ያበረደ፣ የተከበረ ሳር ነው። ዛሬ ደግሞ የአንድ ሰው ስም እንዳይጠራ ደጅ ተዘረጋ።

"ልጄ" አሉ አባባ ጋሻዬ፣ "ስታዲየሙ በሰው ሞልቷል። አንተ ማይክ ብትቀማ ጎረምሳው ይነሳል፤ ደም ይፈሳል። ስለ ሰላም ብለህ ተወው።"

"ስለ ሰላም! እኔን ዘርፎ የሄደው ሰውዬ ጋ ለምን ሳር ይዛችሁ አልሄዳችሁም?"

"እሱ አልተቆጣማ።"

ያልተቆጣን ሰው ማን ይለምነዋል? የተበደለው ነው የሚለመነው፤ የተበደለው ነው ዋጥ የሚያደርገው። የዳና እግር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሊተወው ነበር።

ያኔ ነፋሱ የስታዲየሙን ድምፅ ማጉያ አመጣው። "አሁን የምንሰማው ከጥንት አባቶቻችን የወረስነውን፣ የሕዝብን ዘፈን ነው!" አለ አስተዋዋቂው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ዘፈኑ ተጀመረ፤ ያ ሁሉ ሺህ ሰው አዝማቹን ተቀበለ። ድምፁ ሽቅብ ሊነሳ ሲል ከተማው በሙሉ ቁርጥ አለ። ከዚያ ቀጠለ።

ዘርፈሽ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በልጇ ጎን አልፋ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። ዳና እናቱ ስለዘፈኑ አንድ ቃል ስትናገር ሰምቶ አያውቅም፤ የሰማች እንኳን አልመሰለውም ነበር።

"አባባ ጋሻዬ" አለች በጋሞኛ፣ "ይህን ዘፈን አባቶቻችሁ ዘፍነውታል ብላችኋል አሉ።"

"ብያለሁ።"

"አባቶቻችሁ የእኔን ትንፋሽ ከየት ሰሙት?"

ሽማግሌው አልገባቸውም። ዘርፈሽ አፏን ዘግታ ያንን የድሮ እንጉርጉሮ በአፍንጫዋ ጀመረችው። ሸክም የለባትም፤ ዳገት የለም፤ ግን እዚያችው ቦታ ላይ ደረቷ ተያዘና ድምፁ ተቆረጠ። አፏን ከፍታ አየር ፈለገች። ዳና እንደ ልጅነቱ ደነገጠ። ከዚያ ሲር እያለ ትንፋሿ ተመለሰ፤ እንጉርጉሮውም ቀጠለ። ከስታዲየሙ የሚመጣው ዘፈን እዚያችው ቦታ ላይ ደርሶ ቁርጥ ሲል ሁሉም ሰሙት።

"ስንት ወር ሙሉ በየጎረቤቱ ሬዲዮ ሰማሁ" አለች። "ዘፈን ነው ብዬ፣ ኃጢአት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ ከኋላዬ ሆኖ ሲሰማ ነው ያደገው። እሱ ነው የሠራው።"

አባባ ጋሻዬ ሳሩን ዝቅ አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የትናንቱ አልነበረም። "ተናግረናል፣ ልጄ። ከሽማግሌ አፍ የወጣውን እንዴት እንመልሰው?"

"አትመልሱት። ሳሩን ግን ለእኔ ስጡኝ። የተወሰደው የእኔ ትንፋሽ ከሆነ ይቅርታ የምትለምኑት እኔን ነው።"

እውነት ነበራት። አባባ ጋሻዬ ሳሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት፤ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ሊመርቁ እጃቸውን አነሱ። ዘርፈሽ ምርቃቱን አልጠበቀችም። ሳሩን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ግንድ ላይ የታሰረችው ላሟ ፊት ጣለችላት። ላሟም አንገቷን ዝቅ አድርጋ መብላት ጀመረች።

የሽማግሌዎቹ እጅ እንደተነሳ ቀረ።

ዘርፈሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ልጇ ዞረች። "ምን ትጠብቃለህ? ዘፈኑ ሊያልቅ ነው" አለችው። "ሂድ። ሳሩ ተበልቷል።"